የአክስቴም ጠፍቷል

ቤታችን ለሁለት ሊከፈል ጥቂት ቀን ሲቀረው እኔ የማስበው ስለ አንድ የመብራት ሳጥን ክዳን ነበር። ክዳኑ የጭስ ቀለም ያለው፣ ውስጡን የሚያሳይ ነው። ጫፉን በጣት ጫን ሲሉት ቀጭ ብሎ ይከፈታል፤ ሲመልሱት ያለ ድምፅ ይገጥማል። ከሥሩ ዐሥራ ሁለት ብሬከር የሚገባበት ቦታ አለው። ስምንት ዓመቴ ነበር፤ እስከዚያ ዕድሜዬ ከዚያ ክዳን የበለጠ የሚያምር ነገር አላየሁም። ለእሱ ስል ዋሸሁ። ከዚያም ማንም አላወቀብኝም ብዬ ሠላሳ አራት ዓመት ኖርኩ።

ነገሩ የተነሳው እናቴ ኤሌክትሪክ ምድጃው ላይ ድስት ጥዳ፣ አክስቴ ደግሞ በወዲያኛው ወገን ካውያ ሰክታ ሳለ ነው። ኮሪደሩ ውስጥ «ጧ!» አለ። ሮጬ ስደርስ አያቴ በገዛ እጁ ግድግዳው ላይ የመታው የእንጨት ሰሌዳ ጥጉ ጠቁሮ ይጨሳል። ሰሌዳው ላይ ስድስት ነጫጭ የሸክላ ፊውዞች ነበሩ። አያቴ በሕይወት ሳለ አንዱ በተቃጠለ ቁጥር መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ፣ ከአሮጌ ገመድ አንዲት ቀጭን ሽቦ መዞ ይጠግነው ነበር። አሁን የሚጠግን አልነበረም። የተቃጠለው ፕላስቲክ ሽታ የኮሪደሩ መጋረጃ ላይ ሦስት ቀን ቆየ፤ እኔ ወድጄው እየተመላለስኩ መጋረጃውን አሸት ነበር።

ቤቱ የአያቴ ነው። ኮሪደሩ መሃል ለመሃል ያልፋል፤ በቀኝ በኩል እኔ፣ አባቴና እናቴ እንኖራለን፣ በግራ በኩል የአባቴ ታላቅ እህት። አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። አያቴንም እስከ መጨረሻው ያስታመመችው እሷ ናት።

አያቴ ከሞተ አምስት ወር ሆኖት ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አባቴና አክስቴ የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ነው።

«ለአባትሽ ንገሪው፣ የግቢው ቧንቧ ያንጠባጥባል» ትላለች አክስቴ።

አባቴ ሁለት እርምጃ ርቆ ጫማውን ያስራል። «ለአክስትሽ ንገሪያት፣ አይቻለሁ።»

«አይቻለሁ ይላል» እላለሁ።

«ካየ ለምን አይሠራውም በይው።»

እናቴ ከማድ ቤት ሆና፣ «ሬዲዮ፣ ባትሪሽ አያልቅም እንዴ?» ትለኛለች። የእሷ አቋም አንድ ነበር። «እኔ በእህትና በወንድም መሃል አልገባም» ትልና ሽንኩርቷን ትከትፋለች። እኔ ግን ሥራዬን ወድጄው ነበር። ትልልቅ ሰዎች በጣም ሲከባበሩ በሰው በኩል የሚነጋገሩ ይመስለኝ ነበር።

የቂማቸውን ምክንያት ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። አያቴ ሲደክም አባቴ ሩቅ ቦታ መንገድ ሥራ ላይ ነበር። አክስቴ አልጠራችውም። አባቴ ሲደርስ አያቴ ከተቀበረ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር። «እሱ ራሱ አትጥሪው፣ ልጁን ከሥራው አታፈናቅዪው፣ እሑድ እነሳለሁ ብሎኝ ነው» ብላ አንድ ጊዜ ነገረችው። አላመናትም። እሷም ደግማ አልተናገረችም። ግትርነት በዘራችን ነው፤ እኔም አለብኝ።

ግቢው ውስጥ ብሎኬት ተከምሮ ነበር። ለምን እንደመጣ ስጠይቅ አባቴ «ለግንብ» አለኝ። የመጫወቻ ቤት ሊሠራልኝ ነው ብዬ ክምሩ ላይ ወጥቼ መስኮቱ የት እንደሚሆን እለካ ነበር። ግንቡ የሚቆመው ግን ኮሪደሩ መሃል ነበር፣ ከወለል እስከ ጣሪያ። ግንበኛው ለሰኞ ተቀጥሯል። ከሰኞ በኋላ አክስቴ ዘንድ መሄድ ከፈለግኩ ወደ መንገድ ወጥቼ፣ ዞሬ፣ እንደ ማንኛውም ልብስ አሰፊ በሯን ማንኳኳት ነበረብኝ። ይህን ማንም አልነገረኝም።

የመብራት ሠራተኛው ሐሙስ ዕለት መጣ። መብራት መኖሩን የሚፈትሽበትን ቴስተር እንደ እርሳስ ጆሮው ላይ ስለሚሰካ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ቴስተር ይለዋል። ከአያቴ ጋር በየሳምንቱ ዳማ ይጫወት የነበረ ሰው ነው፤ አያቴ ሁልጊዜ ያሸንፈው ነበር፣ ወይም እሱ እየተሸነፈለት ነበር። የጠቆረውን ሰሌዳ ቀና ብሎ አየና ምላሱን አንኳኳ።

«ይሄ አልቆለታል» አለ። «ለጊዜው አስረዋለሁ። ከዚህ በኋላ ግን ፊውዝ ቀርቶ ብሬከር ነው። ሳጥን ምረጡ።»

ሥሩ ቁጭ ብዬ የሚያስረውን እያየሁ፣ «ጋሼ፣ መብራት በግድግዳ ውስጥ ስትሄድ ትታያለች?» አልኩት።

«እኔም ገብቼ አላየሁም» አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫው ሄድን። ጋሼ ቴስተር ከፊት ይመራል፤ አባቴ በመንገዱ በወዲህ፣ አክስቴ በወዲያ ማዶ። እኔ መልእክት ለማድረስ ወዲያና ወዲህ እያቋረጥኩ ሱቁ ደረስን። መኪና ሳይገጨኝ መቅረቱ ይገርመኛል።

ባለሱቋ ከባንኮኒው ጀርባ ሆና፣ «አንድ ቤት ነው ሁለት?» ብላ ጠየቀች።

ማንም ሳይቀድመኝ «አንድ ነው» አልኳት።

«ሁለት!» አሉ አባቴና አክስቴ እኩል። በአምስት ወር ውስጥ የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር።

ባለሱቋ ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች አወጣች። ብረት ናቸው፤ አመድማ ቀለም የተቀቡ፣ ክዳናቸው ድፍን፣ በአራት በአራት ብሬከር የሚሞሉ። ቀጥላ፣ ለማስመረጥ ያህል፣ የጭስ ቀለም ክዳን ያለውን ትልቁን አወጣችው። እኔ ባንኮኒው ጫፍ ላይ በእግሬ ጣት ተንጠራርቼ ክዳኑን ነካሁት። ቀጭ! ደግሜ ነካሁት። ቀጭ!

«ተዪው፣ ትሰብሪዋለሽ» አለ አባቴ። ከዚያ ወደ ጋሼ ቴስተር ዞረ። «ብረቱ ነው የሚሻለው ፕላስቲኩ?»

«ሁለቱም ይሠራል። ዋናው ቁጥሩ ነው። ስድስት መስመር አለን ብላችሁ በልኩ አትግዙ። ቤት ያድጋል፤ ነገ ማሞቂያ ይመጣል፣ ፓምፕ ይመጣል። ትርፍ ቦታ ይኑረው።»

አክስቴ ከልማድ የተነሳ፣ «ሬዲዮ፣ ለጋሼ ንገሪው፣ እኔ ማሞቂያ አላመጣም» አለች። ሰውየው አፍንጫዋ ሥር ነበር የቆመው።

ጋሼ ቴስተር ሳቁን ዋጠና ትንንሾቹን በጣቱ ገፋ አደረጋቸው። «እነዚህ የሚሆኑት የግራና የቀኝ መስመራችሁ ለየብቻ ከመጣ ነው። ሽቦውን የዘረጋው አባታችሁ ነው፤ እንዴት እንደዘረጋው እሱና ፈጣሪ ናቸው የሚያውቁት። ከተቀላቀለ ያለው ምርጫ አንድ ትልቅ ሳጥን ነው፤ አለዚያ ግድግዳውን በሙሉ እየቀደድን አዲስ ሽቦ እንስባለን። እሱን ደግሞ እኔ አልሠራም፤ ጉልበቴ አይችልም። ስለዚህ መጀመሪያ እንፈትሽ።»

ባለሱቋ ሁለቱንም ዓይነት ወስደን የማንፈልገውን እንድንመልስ ፈቀደች። ትልቁን ሳጥን ታቅፌ የተመለስኩት እኔ ነኝ። መንገዱን ሙሉ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከተቀላቀለ ክዳኑ ይቀርልናል፣ ካልተቀላቀለ ይመለሳል።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ደምኖ ስለነበር ክፍሎቹ ሁሉ በቀን መብራት ይፈልጉ ነበር። ጋሼ ቴስተር የሁሉንም ክፍል አምፖል አብርቶ ሰሌዳው ሥር ቆመ። አባቴ ከጎኑ ወረቀትና እርሳስ ይዟል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ እሱ አንድ ፊውዝ ይነቅላል፣ አንድ ሰው በየክፍሉ ሮጦ የጠፋውን ይናገራል።

«እኔ! እኔ!» አልኩ።

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» አለ አባቴ።

«ተዋት» አለ ጋሼ ቴስተር። «እግሯ ከኔ ይፈጥናል፣ ድምጿም ከኔ ይበልጣል።»

የመጀመሪያው ተነቀለ። ሮጥኩ። «ሳሎን ጠፋ!» ሌላው ሁሉ በርቷል። ሁለተኛው፣ «የነአባዬ መኝታ ጠፋ!» ሦስተኛው በአክስቴ ወገን ሆነ፤ መኝታዋ። አራተኛው የእሷ ትንሿ ማድ ቤት። አንዱም ከአንዱ አልተቀላቀለም። አባቴ በወረቀቱ መሃል መስመር አስምሮ በግራና በቀኝ ይጽፋል። በሮጥኩ ቁጥር ትልቁን ሳጥን ጠረጴዛው ላይ አየዋለሁ፤ ሊመለስ ነው።

አምስተኛው ሲነቀል የእኛ ማድ ቤት ጠፋ። እናቴ ከውስጥ፣ «ድስቴን በምን ልየው!» ብላ ጮኸች። እኔ ማድ ቤቱን ተናግሬ፣ ኮሪደሩን አቋርጬ ወደ አክስቴ የስፌት ክፍል ገባሁ።

አምፖሉ ቦግ ብሎ በርቷል። አክስቴ ከሥሩ፣ የእግር ስፌት መኪናዋ ፊት ቁጭ ብላለች። የክሩን ጫፍ በከንፈሯ አርጥባ፣ መርፌውን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጋ ይዛለች። አምፖሉን አየሁት። ክዳኑን አሰብኩ። ከዚያ አፌን ከፍቼ ጮህኩ።

«የአክስቴም ጠፍቷል!»

ከኮሪደሩ የአባቴ ድምፅ መጣ። «እርግጠኛ ነሽ? የአክስትሽ የስፌት ክፍል?»

«አዎ!»

«አክስትሽን ጠይቂያት!»

ዞሬ አየኋት። አክስቴ ቀና ብላ አምፖሉን አየች። እኔን አየች። ከዚያ ዓይኗን ወደ መርፌዋ መልሳ ክሩን በአንድ ጊዜ አስገባችና፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ በእኔ በኩል ሳይሆን በቀጥታ ለእሱ፣ «ጠፍቷል! አልሰማህም እንዴ?» አለች።

«ጨለመብሽ?» አላት አባቴ።

«ደህና ነኝ።»

እኔ የገባኝ አክስቴ ዓይኗ መድከሙ ብቻ ነበር። ቀን ከሌት ስትሰፋ ነው የታወረችው ብዬ አዘንኩላት፤ ለእኔ ግን እንዴት እንደበጀኝ! ለነገሩ በአንድ ትንፋሽ ክር በመርፌ ዓይን ያስገባች ሴት እንዴት ታወረች ብዬ አልጠየቅኩም። ያን ያህል ጥያቄ የምወድ ልጅ፣ የማይጠቅመኝን ጥያቄ መዝለል ከወዲሁ ለምጄ ነበር።

የጋሼ ቴስተር ኮቴ ሲመጣ ስሰማ አለቀልኝ አልኩ። በሩ ላይ ቆመ። የበራውን አምፖል አየ፤ አክስቴን አየ፤ እኔን አየኝ። ቴስተሩን ከጆሮው አውርዶ መልሶ ሰካው። ከዚያ እጁን ዘርግቶ በሩ አጠገብ ያለውን ማጥፊያ ቀጭ አደረገው። ክፍሉ ጨለመ።

መብራት ሠራተኛ ወደ ክፍል ሲገባ መጀመሪያ ለጥንቃቄ ያጠፋል ብዬ አሰብኩ። የሰውየው መሳሳት ገረመኝ።

«እውነትም ጠፍቷል» አለ ወደ ኮሪደሩ እየጮኸ። «ተቀላቅሏል። ስድስተኛው የሞተ መስመር ነው ማለት ነው።»

ያን ጊዜ አባቴ ገባ። አያቴ ከሞተ ወዲህ እዚያ ክፍል እግሩ ረግጦ አያውቅም። ከመስኮቱ በሚመጣው ደብዛዛ ብርሃን የጨርቅ ቁርጥራጮቹን፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የአያቴን ኮት፣ እህቱን አየ። ከዚያ ቁመቱ ስለሚያደርሰው፣ «አምፖሉ ላልቶ እንዳይሆን» ብሎ እጁን ሰቀለና ያዘው። ፊቱ ትንሽ ተቀየረ። እጁ አምፖሉ ላይ ቆየ፤ ከሚያስፈልገው በላይ ቆየ። ሲያወርደው ቶሎ ኪሱ ውስጥ ከተተው። አቧራ ነክቶት ይሆናል አልኩ።

«አልላላም» አለ ቀስ ብሎ። «ጠፍቷል።» ቀጥሎ፣ «ጋሼ፣ ትልቁን ግጠመው። እታለም፣ ግድግዳሽን አናስቀድድም» አለ።

እታለም ሲላት ከስንት ወር በኋላ መስማቴ ነው። አክስቴ ክር ያስገባችበትን መርፌ ቀሚሷ ደረት ላይ ሰካችና ለመነሳት ምክንያት እንደምትፈልግ ሰው ጨርቅ ታጥፍ ጀመር።

ሳጥኑ በዚያው ቀን ኮሪደሩ መሃል፣ ግንቡ ሊያልፍበት በነበረው ቦታ ላይ ተገጠመ። ጋሼ ቴስተር ከክዳኑ ሥር የመስመሮቹን ስም እየጻፈ ለጠፈ፤ ሳሎን፣ መኝታ፣ ማድ ቤት እያለ። ስድስተኛው ላይ «ትርፍ፣ አይነካም» ብሎ ጻፈ። ሰኞ ግንበኛው መጣ፤ ኮሪደሩን የሚዘጋ ግንብ ካቆመ ሳጥኑን የሚከፍት ሰው በየት እንደሚገባ ጠየቀ፣ አባቴም አሰናበተው። ብሎኬቱ ዓመቱን ሙሉ ዝናብ ጠግቦ በኋላ የግቢ መቀመጫ ሆነ። የመጫወቻ ቤቴ ስለቀረ ለሁለት ቀን አኮረፍኩ።

ከዚያ የባሰ ያናደደኝ ግን ሥራዬን ማጣቴ ነው። በዚያን ሰሞን አባቴ ከሥራ ሲመለስ በቀጥታ አክስቴ ክፍል ይገባና በሩን ይዘጋል። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ ስለ አያቴ ሲያወሩ እሰማለሁ፤ አንድ ቀን የሚያለቅስ ሰው ሰማሁ፣ ማን እንደሆነ አልለየሁም። አባቴ ሲወጣ መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል። ለአክስቴ ዓይን መድኃኒት አምጥቶላት ነው ብዬ ደመደምኩ። ሬዲዮዋን ግን የሚከፍታት ጠፋ።

እነሆ ሠላሳ አራት ዓመት ሆነው። አባቴ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው። በቤቱ እናቴና አክስቴ ይኖራሉ፤ ማታ ማታ በሬዲዮ ጣቢያ ይጣላሉ። ባለፈው ወር ከብሬከሮቹ አንዱ እየላላ አስቸገረና ሳጥኑን ለማስቀየር ሄድኩ። ያ የጭስ ቀለም ክዳን አሁን ቢጫ ሆኖ ተሰንጥቋል። ያመጣኋት የመብራት ሠራተኛ ሱሪ የታጠቀች፣ ፈጣን ወጣት ናት። ክዳኑን ከፍታ ስሞቹን አነበበች።

«ይሄ ትርፍ የሚለው ምንድነው?»

«የሞተ መስመር ነው» አልኳት። ይህን ስናገር እንኳ ከልቤ ነበር፤ ውሸቴ ለእኔ ለራሴ እውነት ሆኖልኝ ነበር።

«ሽቦ ገብቶበታል እኮ» አለችና ወደ ታች መታችው።

በግራ በኩል፣ ከስፌት ክፍሉ፣ የሰማንያ ዓመት ድምፅ ጮኸ። «ጠፋ!»

ልጅቷ ሽፋኑን ፈትታ አወረደችው። ከውስጥ በኩል፣ ከትርፉ ጀርባ፣ በእርሳስ «ስፌት ክፍል» ተብሎ ተጽፏል። «መስመሩ ንጹሕ ነው» አለች። «ሦስት ግራ፣ ሦስት ቀኝ። አንድ ሳጥንም ሁለትም ይሆናል። ማን ነው ተቀላቅሏል ያላችሁ?»

«እኔ» አልኳት።

ወደ አክስቴ ሄድኩ። በጠፋው አምፖል ሥር ቁጭ ብላለች። ዕድሜዬን ሙሉ ያልነገርኳትን ነገርኳት፤ ክዳኑን፣ ሩጫውን፣ ጩኸቱን። ሰምታኝ ስትጨርስ በድዷ ሳቀች።

«ሞኝ። አንቺማ የሳጥን ክዳን ያማረሽ ልጅ ነበርሽ። እኔ እኮ መርፌ ይዤ ነበር፤ በጨለማ ክር በመርፌ ይገባል? ሰኞ ግንበኛ ሊመጣ፣ አንቺ በሬ ላይ ቆመሽ ጠፍቷል ስትዪ ከሰማይ የወረድሽ መሰለኝ።»

«ጋሼ ቴስተርስ?»

«ማጥፊያውን ማን ያጠፋው መሰለሽ?»

ቁጭ አልኩ። ሁለቱ ሲያውቁ አባቴ ብቻ ሳያውቅ መቅረቱ አሳዘነኝ። «አባዬን ግን አታለልነው» አልኳት። «ምስኪን፣ አምኖን ሞተ።»

አክስቴ ሳቋን አቆመች። የተጣመመ ጣቷን ወደ አምፖሉ ቀሰረች።

«የመቶ ሻማ አምፖል ነበር፤ በፊውዙ ጠፍቶ ቢሆን በቀዘቀዘ ነበር፣ እሱ ግን ገና ያኔ የጠፋ እሳት ነው። በሙሉ እጁ ጨብጦት ነው ትንፍሽ ሳይል ጠፍቷል ያለው። ሦስት ቀን እዚህች ቁጭ አድርጌ የተቃጠለ እጁን ቅባት የቀባሁለት እኔ አይደለሁም እንዴ?»